ስማቸው ያልተነሣ እናቶች፤ ወለተ ጴጥሮስ፣ እኅተ ክርስቶስና የኅሊና ነጻነት

በክረምቱ መውጫ ላይ ለአንድ ጉዳይ ወደ ወረታ ወርደን ሳለ መንገዳችን በቁሐር ሚካኤል በኩል ሆነ። የፎገራ ሜዳ ገና ውኃ እንደ ቋጠረ ነበር። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው የሩዝ አረም ይነቅላሉ፤ አንዳንዶቹ ሕፃን አዝለዋል። ዝናብ ሲመጣ ለመጠለል በገባንበት ቤት በዕድሜ የገፉ አንዲት እማሆይ አገኘን። ከየት እንደ መጣን፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ካህን እንደ ሆንን ጠየቁን፤ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው አባ፣ ወለተ ጴጥሮስን ያሳደዷት የእናንተ አባቶች አይደሉም እንዴ?» አሉን።

ጥያቄው የቁጣ አልነበረም፤ ሰው ስለ ጠፋ ዘመዱ እንደሚጠይቀው ያለ ጥያቄ ነበር። «አዎ እማሆይ፣ የእኛ ናቸው» አልናቸው። ሌላ የምንጨምረው ቃል አላገኘንም። እርሳቸውም «በሉ እንግዲህ፣ ቡናው ደርሷል፤ ይጠጡ» ብለው ሲኒውን አቀበሉን፤ ዝናቡ ሲያባራም መርቀው ሸኙን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት በእማሆይ ቤት ሳንሰጠው የቀረነው መልስ ነው።

እማሆይ የጠየቁን ስለ ሩቅ አገር ሰው አይደለም። ከፎገራ ሜዳ ወደ ደቡብ ጉማራን የተሻገረ ሰው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆራጣን ያገኛል፤ በዚያም በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም የተመሠረተው ገዳም አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን መታሰቢያዋን ታከብራለች። እኛ ግን በዘርአ ክህነት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በተማርንባቸው ዓመታት ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ ሰምተን አናውቅም። ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ብዙ ተምረናል፤ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ ትዕግሥትና ዕውቀት፣ ስለ ፓትርያርክ አፎንሱ ሜንዴዝ ችኮላ፣ ስለ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጽናት፣ ስለ ዐፄ ፋሲለደስ ዐዋጅ ተምረናል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ያን ሁሉ ነገር ማን እንደ ተቀበለ እንጂ ማን «አልቀበልም» እንዳለ አልተጠየቅንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ረገድ ከእኛ የታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ፍትሐዊ ነው። የኦሪት ዘፀአት መጀመሪያ የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ ታዘው እንቢ ያሉትን ሁለት አዋላጆች በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ሲፓራና ፉሐ ይባላሉ። ዐዋጁን ያወጣው ንጉሥ ግን ፈርዖን ከመባል በቀር የራሱ ስም አልተጻፈለትም። ሙሴ ገና ሳይወለድ፣ ባሕሩም ሳይከፈል፣ የነጻነቱ ነገር የጀመረው በሁለት ሴቶች እንቢታ ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ይዞ ወደ ጣና ዳር ይከተለን። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 ጀምሮ የነገሠ ሲሆን፣ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ከገባው ከኢየሱሳዊው ካህን ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር በነበረው ወዳጅነት ወደ ሮማ ቤተ ክርስቲያን አዘነበለ። በ1622 የካቶሊክ እምነቱን በይፋ ገለጠ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ነው። በየካቲት 1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ እንዲባረኩ አዘዘ፤ የቅዳሜን ሰንበት መጠበቅን ከለከለ፤ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ለወጠ።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን የነገረ መለኮት ክርክር አድርገው ያቀርቡታል። ክርክሩስ ነበረ። ነገር ግን ዐዋጁ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሲገባ በየት በኩል ነው የገባው? በሊቃውንቱ ጉባኤ በኩል አይደለም፤ በጓዳ በኩል ነው። በአገራችን ጾሙ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚፈታ በተግባር የምታውቀው ጓዳዋን የያዘችው እናት ናት። ቅዳሜ የማይፈጨውና ውኃ የማይቀዳው በእርሷ እጅ ነው። ወንድ ልጇን በ40፣ ሴት ልጇን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣችው እርሷ ናት፤ አሁን ደግሞ «ያ ጥምቀት አይበቃም» የሚል ቃል በቤተ መንግሥት ኃይል ታጅቦ ደጇ ላይ ቆመ። ልጇን ያለ ጥምቀት የቀበረች እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ለማወቅ የነገረ መለኮት ትምህርት አያሻም። ስለዚህ ተቃውሞው ከሴቶች ዘንድ ብርቱ ሆኖ መነሣቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርት ምን ያህል እንቅፋት እንደ ሆኑባቸው ጽፈዋል። የንጉሡ የገዛ ሚስት፣ የፋሲለደስ እናት እቴጌ ወልድ ሠዓላ፣ ባሏን በእምነት አልተከተለችም።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኳ በስፋት የተጻፈላት ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ1592 ከታላላቅ ቤተ ሰብ ተወለደች፤ ከሱስንዮስ ዋና ዋና አማካሪዎች አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምናኔ አዘነበለና ከጣና መነኰሳት ጋር ተማክራ ከባሏ ቤት ወጣች። ባሏ ወታደር ይዞ ተከተላት፤ ተሸሽጋ የነበረችበትንም ከተማ አጠፋ። በእርሷ ምክንያት ሕዝብ ሲጠፋ ማየት አልቻለችምና ከተሸሸገችበት ወጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በ1617 ግን ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፤ በዚያም ደም የባሏ እጅ እንዳለበት ዐወቀች። ከዚህ ወዲያ የሚመልሳት አልተገኘም። በ25 ዓመቷ መነኰሰች።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባናል። የወለተ ጴጥሮስ እንቢታ የጀመረው በሮማ ሃይማኖት ላይ አይደለም። የጀመረው በገዛ ቤቷ፣ ንጹሕ ደም ካለበት እጅ ጋር አንድ ማዕድ መቁረስ አልችልም በማለት ነው። ሃይማኖት በዐዋጅ ሲለወጥ ቆማ የተናገረችው ሴት ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት በራሷ ጎጆ የተለማመደች ሴት ነበረች። ስለ ኅሊና ነጻነት የሚጽፉ ሊቃውንት ይህን የቤት ውስጥ ትምህርት ቤት አዘውትረው ይዘነጉታል ብለን እናስባለን።

ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት ትምህርት በከለከለ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ከገዳሟ ወጥታ ማስተማር ጀመረች። ንጉሡ ወደ ሸንጎ ጠራት፤ ዘመዶቿ ስለ ማለዱላት ከሞት ዳነች። ያን ጊዜ ዝም ብትል ማንም ባልነካት ነበር። እርሷ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋልድባ አገር ሄደች፤ በዚያም ሕዝቡ የባዕዱን ሃይማኖት እንዳይቀበል፣ ካህናቱም በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ አስተማረች። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን በቅዳሴ የንጉሥን ስም መተው ማለት ዛሬ የመንግሥትን ሥልጣን በአደባባይ አላውቅም እንደ ማለት ነው። ጦር የላትም፣ ግዛት የላትም፤ ያላት አንድ ነገር የካህኑን አፍ ዝም ማሰኘት ነበር፤ ይህንንም አደረገችው።

በ1625 ዳግመኛ ለፍርድ ቀረበች። ንጉሡ ሊገድላት ወደደ። ያን ጊዜ ያዳናት፣ ነገሩ ይገርማል፣ ጥላው የሄደችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ነው። ከመግደል ይልቅ ፓትርያርኩ አስተምሮ ይመልሳት ብሎ ንጉሡን መከረ። ስለዚህም በየቅዳሜው ወደ ሜንዴዝ እየተወሰደች ትምህርት ይነገራት ጀመር፤ ቅዳሜ ለእርሷ ሰንበት መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። በአንድ ወገን የተማረው ፓትርያርክ፣ በስተኋላውም የንጉሡ ሰይፍ፤ በሌላው ወገን አንዲት መነኵሲት። አልተመለሰችም።

እኛ የካቶሊክ ካህናት ይህን ስናነብ አንድ የተለመደ ማምለጫ እናበጃለን። «ሜንዴዝ ተሳስቷል፤ ፓኤዝ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ባልሆነ» እንላለን። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ይህ አባባል የታሪኩን መዝጊያና መክፈቻ አሁንም በሁለት ወንዶች፣ በሁለት የእኛ ወንዶች እጅ ያስቀምጣል። ወለተ ጴጥሮስ የሜንዴዝ ስሕተት ያስከተለው ውጤት ብቻ ሆና ትቀራለች። እርሷ ግን የማንም ስሕተት ውጤት አይደለችም። አሰበች፣ ጠየቀች፣ ሰማች፣ መልሷንም ሰጠች። መልሷ ከእኛ እምነት ጋር አለመስማማቱ መልሱን የእርሷ ከመሆን አያስቀረውም።

ንጉሡ በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ወደ ሱዳን በኩል ወዳለው ወደ ዠበይ አጋዛት፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች። ግዞቱ ግን ሐሳቡን አልሞላም። ተከታዮቿ እየተከተሉ ወደ እርሷ ሄዱና በዚያ በቆላ ምድር የመጀመሪያው ማኅበር ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቷ ድረስ ሌሎች ስድስት ማኅበራት ተከትለዋል። ወንዶችም ሴቶችም ይገቡባቸው ነበር፤ የበላይዋ ግን እርሷ ነበረች። አንዲት ሴት መነኰሳትን ስታስተዳድር የማይቀበሉ ሰዎች በራሷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አልጠፉም። ሱስንዮስ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 እያንዳንዱ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀደና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። እርሱ ራሱ በካቶሊክ እምነቱ እንደ ጸና በዚያው ዓመት ሞተ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ማኅበሮቿን እየመራች ኖራ በኅዳር 1642 ዐረፈች።

የእርሷን ስም ካነሣን አይቀር፣ ከእርሷም ጥላ ሥር የቀረች አንዲት ሴት አለች። ወለተ ጴጥሮስ በመነኰሰች ጊዜ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሌላ መነኵሲት ጋር ተገናኘች፤ ሁለቱም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በአንድነት ኖሩ። ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች በኋላ ማኅበሩ እንዳይበተን ይዛ ያቆየችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ በ1649 እስክታርፍ ድረስ እመ ምኔት ሆና መራችው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1650፣ ፋሲለደስ በቆራጣ ለገዳሙ ርስት ሰጠ። ገዳሙም ከንጉሥ ቅጣት ለሚሸሹ ሰዎች መማጸኛ ሆነ። ንጉሥ ያሳደዳት ሴት ስም ከንጉሥ የሚሸሹ የሚጠጉበት ደጅ ሆነ ማለት ነው። ግን ስንቱ ሰው ነው እኅተ ክርስቶስን የሚያውቃት? ያለ እርሷ ሰባት ዓመታት ቆራጣ ርስት የሚሰጠው ማኅበር ባልኖረ ነበር።

ገድሉን ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በ1672 ጻፈው፤ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ሆኗት ነበር። የጻፈው እርሷን ያወቁ፣ አብረዋት የኖሩ ሰዎች ከነገሩት ነው። ከእነዚያም ብዙዎቹ የማኅበሯ ሴቶች መሆናቸው ከራሱ ከትረካው ይታወቃል፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ እንባ የሚናገረው ነገር አብሮ ካልዋለና ካላደረ ሰው የሚገኝ አይደለም። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1912 የግእዙን ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በዓለም ዙሪያ እየተነበበ ነው። ለካቶሊክ አንባቢ መጽሐፉ ቀላል አይደለም። ስለ አባቶቻችን የሚናገረው ቃል መራራ ነው። ሆኖም መራራ መድኃኒት መጠጣትን ከኮሶ የተማረ ሕዝብ ይህን አይፈራም።

ፍትሕ እንዳይጓደል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ሰይፉ እጅ ሲለውጥ የሚቆርጠው አንገት ይለወጣል እንጂ መቁረጡን አይተውም። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ በ1638 ሁለቱ ካፑቺን መነኰሳት፣ ብፁዓን አጋታንጄሎስና ካስያኖስ፣ በጎንደር ተሰቀሉ። በ1669 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የቀሩትን ካቶሊኮች ወይ እንዲለወጡ ወይ ወደ ስናር እንዲሰደዱ አዘዘ። እነዚህ አብዛኞቹ ከጥንት ፖርቱጋሎች የተወለዱ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸው የዚሁ አገር ሴቶች ናቸው። ስለ ሁለቱ ብፁዓን በየዓመቱ እንጸልያለን፤ ማድረጋችንም ተገቢ ነው። ልጇን አዝላ ወደ ስናር በረሃ የወረደችውን ካቶሊካዊት ሴት ግን በስሟ የሚያነሣ ጸሎት የለንም፤ ስሟን አልጻፍነውምና። ወለተ ጴጥሮስ ወደ ዠበይ የሄደችውና እርሷ የወረደችው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ምዕራቡ ቆላ።

ይህ መዘንጋት የአገራችን ብቻ አይደለም። በዘርአ ክህነት ሳለን በአሜሪካ ስለ ጥቁሮች የመብት ትግል ስንማር የማርቲን ሉተር ኪንግን ስም በቃል አጠናን፤ ከሴቶች ሮዛ ፓርክስን ዐወቅን፤ እርሷም እግሯን ደክሟት ከአውቶቡስ ወንበር አልነሣም ያለች ሴት ተደርጋ ነው የተነገረችን። ኋላ ስናነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። ሮዛ ፓርክስ ከመታሰሯ ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በመጋቢት 1955፣ ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ በዚያው በሞንትጎመሪ ከተማ በዚያው ምክንያት ታስራ ነበር። ሮዛ ፓርክስ በታሰረች ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች መምህርት ከጥቂት ረዳቶች ጋር በማባዣ መኪና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች ስታባዛ ዐደረች፤ ሲነጋ ከተማው ሁሉ በአውቶቡስ እንዳይሳፈር ጥሪው ደርሶት ነበር። ሕዝቡ 381 ቀን በእግሩ ሄደ። የአውቶቡሱን ሕግ በፍርድ ቤት ያስሻረው ክስ የቀረበው በአራት ሴቶች ስም ነው፤ ከአራቱ አንዷ ያችው ክሎዴት ናት። በ1963 ግን ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዋሽንግተን ሰልፍ ሲወጣ፣ ዴዚ ቤትስ ጥቂት ቃል እንድትናገር ከመፈቀዱ በቀር ከዋነኞቹ ተናጋሪዎች መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1945፣ በአላስካ የትሊንጊት ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ኤልሳቤጥ ፔራትሮቪች በግዛቲቱ ሸንጎ ፊት ቆማ ተናግራለች። በዚያ ዘመን በሆቴሎችና በሱቆች በር ላይ ነባሮቹን ሕዝቦች የሚከለክል ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር። አንድ የሸንጎ አባል ሕዝቧን ከአረመኔነት ገና የወጣ አድርጎ ሲናገር ሰማችና በእርጋታ መለሰችለት፤ ሕጉም በዚያው ወር ጸደቀ። ይህ የሆነው መላው አሜሪካ የ1964ቱን የመብት ሕግ ከማውጣቱ 19 ዓመት በፊት ነው።

ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እኅት ቴያ ቦውማን አለች፤ በሚሲሲፒ ያደገች፣ የባሪያዎች የልጅ ልጅ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ካቶሊክ የሆነች ፍራንቸስካዊት። በሰኔ 1989 በካንሰር ታምማ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ የአሜሪካ ጳጳሳትን ጉባኤ አስተማረች፤ ጥቁርም ካቶሊክም መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ነገረቻቸው። በመጨረሻም ጳጳሳቱን አስነሥታ እጅ ለእጅ አያይዛ አዘመረቻቸው። በማግሥቱ ዓመት ዐረፈች፤ በ2018 የቅድስናዋ ጉዳይ መታየት ጀምሯል። ጳጳሳት ቆመው የሚታዘዟት ሴት! ገላውዴዎስ ቢያይ በገድሉ ያስገባት ነበር ብለን እንገምታለን።

እነዚህን ሴቶች ከወለተ ጴጥሮስ ጋር ስናስተያይ ጉዳያቸው አንድ ነው ማለታችን አይደለም። እርሷ የመኳንንት ልጅ ናት፤ ገረዶች የሚያገለግሏት ሴት ነበረች፤ የእነዚያም ገረዶች ነገር ለብቻው የሚጻፍ ነው። የሚያመሳስላቸው ከሁሉም ታሪክ የቀረው የወንዱ ስም መሆኑ ነው። ሥራው ወረቀት ማባዛት፣ ስንቅ ማቀበል፣ ማኅበር ማቆየት፣ የተሰደደን መደበቅ ሲሆን ታሪክ ጸሐፊ አያየውም። ሸንጎው፣ ጦርነቱና ዐዋጁ ግን ይጻፋል።

በዚህ እኛም ነጻ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ቁምስና የኢዮቤልዩ መጽሔት እንድናዘጋጅ ታዝዘን ነበር። ያገለገሉትን ካህናት በሙሉ ከነዘመናቸው ጻፍን፤ መሠረቱን ያስጣሉትን፣ ገንዘብ የረዱትን፣ ግንበኛውን ሳይቀር ጻፍን። መጽሔቱ ታትሞ ሲታደል አንዲት እናት ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ውኃውስ ከወንዝ በራሱ ነው የመጣው?» አሉን። ሕንጻው በተሠራበት በጋ ሁሉ ሲሚንቶው የተቦካበትን ውኃ በእንስራ ተሸክመው ያመጡት የመንደሩ ሴቶች ነበሩ። አንዳቸውም አልተጻፉም። መጽሔቱን መልሶ ማሳተም አልተቻለም፤ እስከ ዛሬ በመጻሕፍት መደርደሪያችን ባየነው ቁጥር ያሳፍረናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሁለቱም ነገሮች፣ ስለ ኅሊና ነጻነትም ስለ ሴቶችም፣ ዘግይታም ቢሆን ተናግራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ስለ ሰላም በጻፉት መልእክት ሴቶች ክብራቸውን ማወቃቸውንና መብታቸውን መጠየቃቸውን ከዘመኑ ምልክቶች አንዱ አድርገው ቈጠሩት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን ሊገደድ እንደማይገባ አስተማረ፤ ይህም መብት የሚመነጨው ከሰው ክብር መሆኑን ገለጠ። መግለጫው ከወጣ በኋላ ሜንዴዝ ያደረገውን ማንም ካቶሊክ በቤተ ክርስቲያን ስም ሊያደርግ አይችልም። በመጋቢት 2000 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በእውነት ስም ስለ ተፈጸመው ግፍና በሴቶች ክብር ላይ ስለ ተሠራው በደል እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመኑ። አንዳንድ ምእመናን «የጥንቱን ለምን ያነሡታል?» ብለው ነበር። የቁሐር ሚካኤሏ እማሆይ ግን ጥንት ብለው አልጠየቁንም፤ እንደ ትናንት ነገር ነው የጠየቁን።

ወለተ ጴጥሮስን ማክበር እምነታችንን መካድ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በጉባኤዎች ትምህርትና በቅዱስ ጴጥሮስ መንበር ላይ ያለን እምነት እንዳለ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ከእርሷ ጋር የምንለያይበትን አልሸፈንንም። ግን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ አገራችን ሲመጣ ግእዙንና ሥርዓታችንን ያከበረው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ስላወቀ ነው። ያን ትምህርት የሰጠው እንቢ ያለው ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም ግንባር ቀደሟ እርሷ ናት። ዛሬ በግእዝ የምንቀድሰው በከፊል እርሷና መሰሎቿ ስላልተበገሩ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በየቁምስናው ያሉ የትምህርት ማኅበራት በዚህ ጽሑፍ ላይ ሲወያዩ፣ አስቀድመው የኦሪት ዘፀአትን ምዕራፍ 1 ከቁጥር 15 ጀምሮ፣ ቀጥሎም ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት ምዕራፍ 16ን ያንብቡ፤ ሐዋርያው በስም የሚያነሣቸውን ሴቶች ይቍጠሩ። ከዚያም በእነዚህ ላይ ይነጋገሩ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ስትሠራ ወይም ቁምስናችን ሲመሠረት የደከሙ፣ በመዝገብ ያልገቡ እናቶች እነማን ናቸው? በሕይወት ያሉትስ የት ይገኛሉ? ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤታችን ስለ ወለተ ጴጥሮስ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? የሰበሰባችኋቸውን ስሞች ከነአባታቸው ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣቸዋለን፤ ውኃ የቀዱትንም ጭምር።